ወደ ግራ ትስባለች የተባለችው መኪና

ጥቅምት 6

ዛሬም አጠብኳት። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ እሹሩሩ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለች። አንገቴን ደፍቼ ጎማ ማሸቴን ቀጠልኩ።

ሥራ ደህና ዋለ። የሂሳብ መማሪያ ረቂቅ ሳርም ነበር። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ የጠፋው አንድ የመደመር ምልክት ብቻ። ማተሚያ ቤት ረቂቅ ሳርም ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ገጥሞኝ አያውቅም። ቶሎ ጨርሼ ወጣሁ። ለምን እንደቸኮልኩ ራሴ አውቀዋለሁ… መንዳት አምሮኝ ነው።

ምኗ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ? አሮጌ ናት፣ ከኔ በሦስት ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው። የድሮ ባለቤቷ ሰዓት ሠሪው ሲሞት ጓሮው ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር፣ ሚስቱ ከአንድ ደህና ሶፋ ባነሰ ዋጋ ሰጠችኝ። ሹፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ክንዴን ስዘረጋ የማዶውን መስኮት እከፍታለሁ። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የፊት ኮፈኗን ከፍቶ ትርፍ ጎማ ብቻ ሲያገኝ፣ «ወንድሜ፣ ሞተሩን ሳይጨምሩልህ ነው የሸጡልህ» ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ። ሞተሯ ከኋላ ነው። ስትነሳ ድምፁ ከጀርባዬ ይመጣል፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በርታ እያለ የሚገፋኝ ይመስለኛል። ውኃ አትጠይቅም። በአራት ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ግማሹን ራሴ ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አብጠርጥሬ የማውቀው ንብረት ሲኖረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ጥቅምት 11

አማቴን ለእግራቸው ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳቸው። የሰው መኪና ላይ ሲወጡ ሁለት ሰው ነበር የሚያነሳቸው። እዚህች ላይ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ዝም ብለው ቁጭ። «ልኬን ወስደው የሰፏት ናት» አሉ። ስንመለስ ቤት ደርሰን እንኳ መውረድ አልፈለጉም፣ አንዴ ሰፈሩን እንዙር አሉኝ። ዞርን። ለማያውቁት ሰው ሁሉ እጃቸውን እያወዛወዙ።

ሰውም ደግሞ መልሶ ያወዛውዛል። ይሄ ነው የሚገርመኝ። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ማን ዞር ብሎ ያያል? እሷን ያየ ሁሉ ፊቱ ይፈታል።

ጥቅምት 19

የግራ ጎማዬ ዛሬ የአደባባዩን ጠርዝ ወጣ። ከየት መጣ? አልታየኝም።

የንባብ መነጽሬን ልቀይር ሄጄ ነበር። ባለሙያው ዓይኔን በመሣሪያ አየ። ከዚያ የሐኪም አድራሻ ጽፎ ሰጠኝ። የዓይኔ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል ነው ያለው። ትንሽ ማለት ስንት ነው?

ጥቅምት 27

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሣጥን መሰል ነገር ላይ አገጬን አስደገፈችኝ። መሐል ያለችውን መብራት ብቻ ማየት፣ ዳር ላይ ነጥብ ብልጭ ሲል በእጄ የያዝኩትን ቁልፍ መጫን። ጀመርኩ። መጀመሪያ ብዙ ነጥብ መጣ። ከዚያ ጠፋ… ቆየ… አሁንም የለም። የማሽኑ ድምፅ ግን ይሰማል፣ ቲክ ቲክ ይላል። በድምፁ እየገመትኩ እጫን ጀመር።

«ነጥብ ሳይበራ ነው የሚጫኑት» አለችኝ በእርጋታ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ ስኮርጅ ተያዝኩ።

ደግመን ሠራነው። ውጤቱን ወረቀት ላይ አሳየችኝ። በግራ በኩል ረቂቅ ላይ ቀለም የተደፋ ነው የሚመስለው። ግላኮማ አለችው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን አለች። ግን እኮ ትንሿን ፊደል አነባለሁ አልኳት። መሐሉ መጨረሻ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው አለችኝ።

«ይነዳሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም።»

እሺ አልኳት። ነድቼ ነው የተመለስኩት።

ጥቅምት 28

አልነገርኳትም።

ጥቅምት 30

ዛሬም ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ጠብታውን ማተሚያ ቤት፣ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ቀይ እስክሪብቶዎቹ ሥር ደበቅኩት። ጠዋት ገብቼ፣ ማታ ከመውጣቴ በፊት እጨምራለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እንባዬን አይቶ ምነው አለኝ። አቧራ አልኩት። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 4

የግቢያችንን በር የግራ ምሰሶ ፋቅኩት። ከፊት ፓራፋንጎዋ እስከ በሯ ድረስ ቀለሟ ተላጠ። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ሹፌሩ ጎረቤታችንም መጣ።

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እሱ ማስረዳት ጀመረ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቷ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ፊቷ ባዶ ነው፣ ነፋስ ሲመታት መሪው እጅ ላይ አይረጋም። የዚህ ዓይነት መኪኖች ጠባይ ነው፣ ወደ አንድ ወገን ይስባሉ። ከረጢት አሸዋ ፊቷ ላይ ጫንባት አለኝ። ባለቤቴ እያዳመጠች ራሷን ነቀነቀች። «እኔም እኮ አንድ ነገር እንዳላት ጠርጥሬያለሁ» አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

አሁን ስጽፈው ያቃጥለኛል። ነፋስ አልነበረም።

ኅዳር 5

አሸዋውን ጫንኩ። ምስኪን፣ ለሌለባት በሽታ መድኃኒት ዋጠች።

ኅዳር 12

ጋራዥ። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ቀስ በል» ነው የሚለው። ምንም ብትነግረው መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። ከሰዓት ሠሪው ጀምሮ እሷን የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው። ወደ ግራ ትስባለች አልኩት።

«ቀስ በል… ከመቼ ጀምሮ?»

ከጥቅምት አልኩት። እውነቱን ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

በክሪክ አነሳት፣ ሥሯ ገባ። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ቴስቲናዎች ነካ ነካ አደረገና ጎማው በእጁ ሲወዛወዝ እንዳልተሰማው ነገረኝ። ለማንኛውም ብሎ ሁለቱንም ቀየረ። እኔ የኋላ ኮፈኗን ከፍቼ ካንዴላዎቹን አጸዳሁ። ሁለት ሰዓት እንዳለፈ አልታወቀኝም። ዘይቱ፣ የሞቀው ብረት፣ ጣቴ በዳሰሳ ብቻ ብሎኑን ሲያገኘው… እዚያ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድም ነገር አልጎደለብኝም። ለካ እዚህ ቦታ ዓይን አያስፈልግም። ከዚያ ቀና ስል ፍርሃቱ መልሶ ወረረኝ።

ኅዳር 20

ለምንድነው የማልነግራት? ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለምፈራ ነው። መንዳት ያቆምኩ ቀን ዓይነ ስውር ነኝ ማለት ነው። እስከዚያ ግን መነጽር የቀየረ ሰው ነኝ።

ሌላም አለ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ጣለኝ። ዲሬክተራችን እንደሷ ያለች ትንሽ መኪና ነበረችው። ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ቤት አደረሰኝ። ሞተሩ ከጆሮዬ ሥር ነበር፣ ሙቀቱ በወንበሩ በኩል ወደ ጀርባዬ ይገባል። መሞቴ ነው ብዬ ሳለቅስ የነበርኩት ልጅ ዝም አልኩ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ሙቀት ስፈልግ ኖሬ፣ ባገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት ተወው ተባልኩ። ይሄ ደግ ነው? ሌላው ሰው ትልቅ ቤት ይመኛል፣ ውጭ አገር ይመኛል። እኔ የለመንኩት ይቺን ነበር።

መንገድ ላይ አሁን አንገቴን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ ነው የምነዳው። ቀስ ብዬ። የማውቀውን መንገድ ብቻ። እችላለሁ። ከተጠነቀቅኩ እችላለሁ።

ኅዳር 29



አማቴን ከፊዚዮቴራፒ አምጥቼ በራቸው ላይ አወረድኳቸው። በቀኝ በኩል ነው የወረዱት፣ በሩን ሲዘጉ ሰማሁ። ገብተዋል አልኩ። ማርሽ አስገብቼ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። ድው አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፣ ትራስ ሲወድቅ እንደሚሰማው።

ለካ በመኪናዋ ፊት ዞረው ወደኔ መስኮት እየመጡ ነበር። ቦርሳቸውን ረስተው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፣ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው።

«ይቅርታ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልነግርህ ዞሬ መጣሁ» አሉኝ።

ይቅርታ አሉኝ። እኔን።

የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ጀሶ ተደረገላቸው። ባለቤቴ ሐኪም ቤት እየሮጠች መጣች፣ ምን ሆነ አለች። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። «መሪው ወደ ግራ ሳበኝ» አልኳት።

ታኅሣሥ 1

ባለቤቴ ከአሁን በኋላ ያቺን ቆርቆሮ ደጄ ላይ እንዳላያት አለች። ገዳይ ናት አለቻት። ስትሰድባት ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ አማቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በእግሬ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር ጀሷቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አይተኸኝ ነበር?»

«አይቼዎት ነበር እማማ። መሪው ነው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ታኅሣሥ 5

ወደ ጋራዥ ነድቼ ሄድኩ። ለመጨረሻ ይታይልኝ፣ ከዚያ እሸጣታለሁ ብዬ። ወይም ያንን ለራሴ እያልኩ።

ስለ አማቴ ለቀስ በል ነገርኩት። ቁልፉን ተቀበለኝና ራሱ ነዳት፣ እኔ አጠገቡ። ከጋራዡ በስተጀርባ ያለው መንገድ ረጅምና ጭር ያለ ነው። ነፋሱ ዛሬ ኃይለኛ ነበር። ፍጥነት ሲይዝ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እሷ ቀጥ ብላ ሄደች። በክር የተሰመረች ይመስል፣ ነፋሱ ውስጥ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ።

ስንመለስ አቁሞ ወረደ። መንገዱ ዳር ትንሽ ቆይቶ መጣና አሁን አንተ ንዳ አለኝ። ነዳሁ። በጥንቃቄ ነው የነዳሁት። መሐል ላይ ከሥራችን ጓ የሚል ድምፅ መጣ።

«ጀሪካኑን ለምን ገጨኸው?» አለኝ።

«የቱን ጀሪካን?»

ቆምን። ወርጄ አየሁ። ቀይ ጀሪካን፣ የግራ ጎማዋ ሥር ተጨፍልቋል። ጠፍጣፋ ሆኖ። እሱ ነበር ያስቀመጠው።

ቀስ በል ፊት ለፊቱን እያየ ነው የተናገረው። «ይቺ መኪና ምንም የላትም። ወር ሙሉ ጤነኛ ሳክም ነው የከረምኩት። ዓይንህ ነው አይደል?»

ነው አልኩት።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቅሎ ኪሱ ከተተው። አላስፈራራኝም፣ አልጮኸብኝም። «አሮጊቷ እኮ እንደ ጀሪካኑ ሊሆኑ ይችሉ ነበር ወንድሜ» አለኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ትከሻዬን ይዞኝ ቆየ። ከዚያ ለቤቴ ስነግር ተመልሼ እንድመጣ፣ እስከዚያ ጋራዡ ውስጥ እንደምትቆም ነገረኝ። በእግሬ ተመለስኩ። ሁለት ሰው ገጨሁ፣ አንዱ ሰደበኝ።

ታኅሣሥ 7

ዛሬም አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 8

ጀመርኩ… «አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኩ። ስልኳ ጠራ። ደስ አለኝ። ስልክ ስለጠራ ደስ የሚለው ሰው።

ታኅሣሥ 10

ነገርኳት።

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ከጥቅምት ጀምሬ በተርታ ነገርኳት፣ ሐኪሟን፣ መሳቢያውን፣ ምሰሶውን። እናቷ ጋ ስደርስ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ዓይኔ ስለ መጥፋቱ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«እናቴን ማየት ሳትችል እናቴን ጭነህ ትነዳ ነበር?»

«አዎ።»

«ወር ሙሉ መኪናዋን ስሰድብ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር?»

«አዎ።»

ሸሚዙን አንስታ ማጣጠፍ ቀጠለች። ተሳስታ አንዱን ሸሚዝ ሦስቴ አጣጠፈችው። ከዚያ ወጥታ እናቷ ቤት ሄደች።

ይሻለኛል ብዬ ነበር። አልተሻለኝም።

ታኅሣሥ 14

አማቴ ልከውብኝ ሄድኩ። ልጃቸው ነግራቸዋለች። ከበሩ ገብቼ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ተው አሉኝ። «ምነው ያን ዕለት ስጠይቅህ ብትነግረኝ? እኔ አሮጊት ነኝ፣ አለማየት አዲስ አይሆንብኝም ነበር።» ደግሞም፣ «ከእጄ ይልቅ ያቺን ምስኪን ማማታችን ነው የቆጨኝ» አሉ። ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ነበረች። እኔ እስክወጣ አልወጣችም።

ታኅሣሥ 26

ተመልሳ መጥታለች። ግን አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ቤቱ ውስጥ እንደ እቃ ሆኛለሁ። የበሩ ጠርዝ፣ የወንበሩ እግር፣ ሁሉም በግራ በኩል ይጠብቀኛል። ትናንት ብርጭቆ ሰበርኩ። ጠረገችው፣ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ሥራ ቦታ ለአለቃዬ ነገርኩት። እስካነበብክ ድረስ አንብብ አለኝ። እስካነበብኩ ድረስ…

ጥር 9

ጋራዥ ሄድኩ። ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የኋላ ኮፈኗን ከፍቼ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቅዟል። ላስቀምጣት እችላለሁ፣ አልነዳትም እንጂ ላያት፣ ልዳስሳት። ግን በሰዓት ሠሪው ጓሮ ምን ሆነች? ዝገት በላት። ለኔ ብላ ለምን ትቁም?

ቀስ በል ገዢ እንዳገኘ ነገረኝ። መምህርት ናት፣ እንዲህ ያለች መኪና ስታፈላልግ ዓመት ሆኗታል። ለባለቤቴ በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩላት፣ በንግግር ስላልሆነልኝ። ጥር 16 ገዢ ይመጣል ብዬ። ወረቀቱን ከሥራ ስመለስ አጣሁት።

ጥር 16

ሄደች።

መምህርቷ ጠዋት መጣች። ቀስ በል መኪናዋን እቤታችን በር ድረስ አምጥቷት ነበር። ባለቤቴም ወጣች፣ ግን ራቅ ብላ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። መምህርቷ ዙሪያዋን ዞረች፣ የፊቱን ኮፈን ከፈተች፣ ትርፍ ጎማውን አይታ ሳቀች። ያ ሳቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረች። ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ ጠንከር ማድረግ እንዳለባት፣ ጠዋት ስታስነሳት ነዳጅ ቶሎ እንዳትሰጣት ነገርኳት። የሞተሩ ድምፅ ከጀርባችን ይመጣ ነበር።

በሩ ላይ ስንመለስ ሞተሩን ሳታጠፋ ትንሽ አመነታች። ሱቅ ስጠይቅ አንድ ነገር ሰማሁ አለች። ወደ ግራ ትስባለች አሉኝ፣ አንዲት እናት ጥላለች አሉ፣ እኔ ግን ስነዳት ምንም አልተሰማኝም፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ሹፌሩ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ አጥሩ ጋ። ቀስ በል መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«መኪናዋ አይደለችም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ። በግራዬ ያለውን አላይም። ከጥቅምት ጀምሮ አላይም። አማቴን የገጨሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።»

ጎረቤቴ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። መምህርቷ ቀስ ብላ አመሰገነችኝ፣ በደንብ እይዛታለሁ አለችኝ። እጄን ጨበጠች። ወረድኩና በሩን ዘጋሁላት።

ሄደች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከሰው ሁሉ ቀድማ ለኔ ጠፋች። ሌሎቹ ገና እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። እኔ ባዶውን አስፋልት እያየሁ ድምፁን ብቻ ስሰማ ቆየሁ፣ እስኪያልቅ።

ከዚያ በግራ በኩል አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። ባለቤቴ ናት። ስትመጣ አላየኋትም።